ንጉሡ «አንችልም» ሲባሉ ምን ሰሙ?

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ደብረ ታቦር የመጣ እንግዳ ሁሉ «ጋፋትን አሳዩኝ» ይላል። እናሳየዋለን። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚህ ነው እንለዋለን፤ ፎቶውን ያነሳል፤ እንመለሳለን። ስለ መድፉ እኔም ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን ለፍልፌያለሁ፤ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ከመድፉ በፊት ስለተነገረች አንዲት ቃል ነው። ቃሏ «አንችልም» ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ክሪሾና ከሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር እያላችሁ ቁጠሩ። ሐሳባቸው በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌል ማስተማር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ተቀበሏቸው፣ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው፣ መንገድ አሠሯቸው። አማርኛም ለመዱ። ከዚያ ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ ይህ ሙያችን አይደለም፣ አንችልም ብለው መለሱ። ቫልድማየር በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው የንጉሡ መልስ አገልጋዮቻቸውን ማሰር ሆነ። እንሞክራለን እስኪሉ ድረስ።

ይህን ስንተርክ አብዛኞቻችን የንጉሡን ቁጣ እናነሳና እናልፋለን። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። «አንችልም» የምትለዋ ቃል ከጋፋት ሰዎች አፍ ወጥታ ንጉሡ ጆሮ ስትደርስ ምን ሆነች? ተናጋሪዎቹ «እውቀቱ የለንም» ማለታቸው ነው። ንጉሡ የሰሙት «አንፈልግም» የሚል ነው። ለምን? ንጉሡ አስቀድመው በልባቸው የያዙት ነገር ነበርና። ፈረንጅ መድፍ ይሠራል፤ እነዚህ ፈረንጆች ናቸው፤ መንገድ ሲሠሩ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ላይ የመጣ «አንችልም» የችሎታ ወሬ ሊሆን አይችልም፤ እምቢታ ነው።

መጨረሻው ይታወቃል። ከነሱ ጋር ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሆል ተጨምረው፣ ስንት ጊዜ ከሽፎ፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ቀልጦ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ ስድስት ወር ያህል ተጉዘው መቅደላ አደረሱት። ነገሩን ክፉ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ መድፉ ሲሠራ ንጉሡ ከመጀመሪያውም ትክክል ሰምቼ ነበር ማለታቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ሥነ ልቦና ልውሰዳችሁ፤ ጋፋትን አልረሳሁም።

ለንደን ውስጥ ፒተር ዌሰን የሚባል ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቀላል የሚመስል ነገር ሞከረ። ለሰዎች አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እየሰጠ እውነት ነው ወይስ ሐሰት እንዲሉ አደረገ። በ1961 በወጣው ጥናቱ የተጠቀመው በቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር ተጋማሽ ነው፣ ይህ ቁጥር ተጋማሽ አይደለም የሚል ዓይነት። አሉታው ያለበትን ዓረፍተ ነገር ለመመለስ ሰዎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ስሕተትም በዛ። ቁጥሩን ያውቁታል፣ ቋንቋው ቋንቋቸው ነው፣ ግን «አይደለም» ስትገባ አእምሮ ዳገት ይወጣል። (በነገራችን ላይ የኛ የሒሳብ መጽሐፍ ጎዶሎውን ቁጥር «ኢ-ተጋማሽ» ይለዋል። «ሰባት ኢ-ተጋማሽ አይደለም፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ብሎ የሚፈትን መምህር ካለ ልጆቹን ሳይሆን ትዕግሥታቸውን ነው የፈተነው።)

ዳገቱ ምንድን ነው? ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሰጡት መልስ ይህን ይመስላል፦ ሰሚው መጀመሪያ የተካደውን ነገር ራሱን በአእምሮው ያቆመዋል፤ ከዚያ ያፈርሰዋል። ባርባራ ካውፕ የምትባል ጀርመናዊት ከባልደረቦቿ ጋር በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ሥራ ሰዎች «በሰማዩ ላይ ንስር አልነበረም» የሚል ነገር ካነበቡ በኋላ ወዲያው የንስር ሥዕል ይታያቸዋል። ክንፉን የዘረጋውን ንስር ክንፉን ከሰበሰበው ይልቅ ፈጥነው ለዩት። ንስሩ የለም ተብሏል እኮ! ግን አእምሮ ውስጥ ለቅጽበት በርሮ አልፏል። ከዚያ በፊት በ1983 ፊሽለርና ባልደረቦቹ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት እየለኩ ሲያዩ፣ አንድን የታወቀ ወፍ «ዛፍ አይደለም» ሲባል አንጎል የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ «ዛፍ ነው» እንደተባለ ያህል መደናገር ነበር። «ወፍ አይደለም» ሲባል ደግሞ ሐሰት ሆኖ ሳለ በሰላም ያልፋል። ወፍ ከወፍ ጋር ይሄዳል፤ «አይደለም» ገና አልደረሰችም።

እዚህ ላይ ብቻ ብንቆም ግን ግማሹን ትተን ነው። ራሱ ዌሰን በ1965 ሌላ ነገር አሳየ። ስምንት ክቦች አሉ፤ ሰባቱ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንዱ ብቻ ለየት ያለ። ለየት ስላለው ክብ «ይህ ቀይ አይደለም» ማለት ሰዎችን ብዙ አላስቸገራቸውም። ከሰባቱ ስለ አንዱ «ይህ ሰማያዊ አይደለም» ሲባል ግን ተቸገሩ። ማን ሰማያዊ ነው አለ? አሉታ የሚቀለው አስቀድሞ የተጠበቀ ነገር ሲኖር ነው ማለት ነው። በ2008 ኒውላንድና ኩፐርበርግም ይህንኑ በአንጎል ምልክት አሳይተዋል፤ ለአሉታው ምክንያት በሚሰጥ አገባብ ውስጥ ሲገባ አንጎል ሳይዘገይ ይቀበለዋል።

ስለዚህ አሉታ ብቻውን አይሰማም። የሚሰማው ሰሚው አስቀድሞ ከያዘው ነገር ጋር ተጋጭቶ ነው። ጋፋት ላይ ተናጋሪው አንዱን ነገር ሲክድ ሰሚው ሌላውን ይዞ ነበር።

እነዚህ ጥናቶች በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ የተሠሩ ናቸው። እንግሊዝኛው አሉታውን አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ያስቀምጣል። የኛስ? እስቲ ይህችን ስሙ፦

«አባትህ ትናንት ጋሳይ ገበያ ሁለቱን በሬዎች ሸጦ ገንዘቡን ለወንድምህ…»

እስካሁን ምን አያችሁ? ገበያውን አያችሁ፣ በሬዎቹን አያችሁ፣ ገንዘቡ ሲቆጠርም አያችሁ፣ ወንድምም እጁን ዘርግቷል። አሁን ማሰሪያው ይመጣል፦ «…አልሰጠም።» አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስራል፤ አሉታውም ግሱ ላይ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። የኛ ሰሚ ቤቱን ሠርቶ፣ ክዳኑን ከድኖ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ነው «አፍርሰው» የሚባለው። ደግሞም ተጠንቀቁ፤ በሬዎቹ ተሽጠዋል ወይስ አልተሸጡም? «ሸጦ አልሰጠም» ሁለቱንም ይሸከማል። ሸጧል ግን ገንዘቡን ከለከለ፤ ወይም ጭራሹን አልሸጠም፣ አልሰጠምም። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር በቤተ ዘመድ መካከል ስንት ጠብ ሊያስነሳ እንደሚችል ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ያውቀዋል። ብልህ ሽማግሌ «ቆይ፣ ከፋፍለህ ንገረኝ» የሚለው ለዚህ ነው።

ግእዝ ሌላ ነው። በግእዝ አሉታው «ኢ» ናት፤ ከግሱ ፊት ትቆማለች፤ ግሱም ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ይቀድማል። «ኢመጽአ» ሲባል ማን፣ ከየት፣ መቼ ሳይባል አለመምጣቱ አስቀድሞ ታውቋል። አንዲት ፊደል ናት እንግዲህ። ብትዋጥ «መጽአ» ይሆናል፤ መጣ።

ደቡብ ጎንደር የዚህች የ«ኢ» አገር ናት ብል አላጋነንኩም። ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ የተክሌ አቋቋም ደብረ ታቦር ኢየሱስ፤ ሦስቱም ማስመስከሪያዎች በዚሁ በኛ ምድር ናቸው። ተማሪው ከያለበት ኮቾሮውን ይዞ መጥቶ፣ ማታ ማታ ያለ መብራት፣ ያለ መጽሐፍ በቃሉ ይቀጽላል። የኔታ በጨለማ ተቀምጠው የሚሰሙት ድምፅ ብቻ ነው። አንዲት «ኢ» የዋጠ ተማሪ «መልስ!» ይባላል፤ የተዋጠችው ፊደል ሃይማኖት ልታፋልስ ትችላለችና። ከዚያ ትርጓሜ ቤት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መምህሩ ግእዙን አንብበው ወደ አማርኛ ሲመልሱ መጀመሪያ ላይ ያገኟትን «ኢ» በአእምሯቸው ይዘው፣ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ቦታውን፣ ጊዜውን ሁሉ አሳልፈው፣ መጨረሻ ላይ «አል…ም» አድርገው ያስቀምጧታል። ስንት መቶ ዓመት በየቀኑ የተሠራ የአእምሮ ስፖርት ነው። ላቦራቶሪ የሌለው ላቦራቶሪ ብዬ ብጠራው የሚቆጣኝ የለም መሰለኝ።

ይህች «ኢ» ዛሬ በጋዜጣ ተመልሳ መጥታለች፤ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-መደበኛ። የከፋው የኤሌክትሮኒክሱ «ኢ» ከጎኗ መቆሙ ነው። አንድ የድሮ ተማሪዬ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ «ኢ-ሰርቪስ» የሚል ተለጥፎ አይቶ «ጋሼ፣ አገልግሎት የለም ማለት ነው?» አለኝ። ያን ዕለት ሲስተም ስላልነበረ መልስ አጣሁለት።

አማርኛችን አሉታውን ሲያዘገይ ግን ዝም ብሎ አልተወውም፤ በሁለት ገመድ አሰረው። «መጣ» ፊቱ ላይ «አል»፣ ኋላው ላይ «ም» ገባና «አልመጣም» ሆነ። ትግርኛም እንዲሁ ሁለት ቦታ ያስራል፤ «ኣይመጸን» ይላል። ፈረንሳይኛም ሁለት ምልክት አለው፤ ሁለተኛዋ ድሮ «እርምጃ» ማለት ነበረች። የዴንማርኩ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1917 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው ቋንቋዎች አሉታቸው እየደከመ ሲሄድ ማጠንከሪያ ይጨምሩለታል፤ ውሎ አድሮ ማጠንከሪያው ራሱ አሉታ ይሆናል። የኛዋ «ም» «እኔም፣ አንድም፣ ምንም» ላይ ያለችው አጥባቂ «ም» ናት ብዬ አምናለሁ። ትእዛዝ ላይ ግን አትገባም፤ «አትሂድ» እንጂ «አትሂድም» ብሎ የሚያዝ የለም። «ካልመጣ፣ ያልመጣ፣ እንዳይመጣ» ላይም የለችም። እዚያ አንዱ ገመድ ይበቃል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ሳይመጣ አይቀርም» ነው። ሁለት አሉታ። ተማሪ ሆኖ የመጣ የውጭ አገር ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ሳይመጣ ማለት አለመምጣት፣ አይቀርም ማለት መቅረት የለም፤ ተደምሮ ሲመጣ «መምጣቱ ሳይሆን አልቀረም»፤ ይኸው እኔም በሌላ ሁለት አሉታ ተረጎምኩት! የኛ ልጅ ግን ገና በልጅነቱ ይገባዋል። አይደምረውም፣ አይቀንሰውም፤ እንደ አንድ ቃል ነው የሚሰማው። «ሳይመሽ እንግባ» ስንልም ማንም ጨለማን አስቦ አያፈርስም። አሉታ በጣም ሲለመድ ዳገቱ ሜዳ ይሆናል ማለት ነው።

ሌላው የኛ ነገር «አዎ» ነው። «አልበላህም?» ተብሎ ያልበላ ሰው «አዎ» ይላል፤ አልክ ያልከው ልክ ነው ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዚያው ቦታ የኛን «አይ» ይላል፤ እሱ የሚመልሰው ለጠያቂው ሳይሆን ለነገሩ ነው። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያላችሁ ልጆች ይህ ስንት ጊዜ እንዳወናበዳችሁ ታውቃላችሁ። ሐኪም ፊት «ሕመም የለህም?» ተብሎ «አዎ» ማለት፣ የስደት ጉዳይ በሚታይበት ክፍል «ተመልሰህ አልሄድክም?» ተብሎ «አዎ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አስተርጓሚው ካልነቃ መልሱ ተገልብጦ መዝገብ ይገባል። ምክሬ አጭር ነው፤ አሉታ ባለበት ጥያቄ ላይ «አዎ» አትበሉ፣ ግሱን ደግማችሁ ተናገሩ። «አልሄድኩም» በሉ።

በተገለበጠ መዝገብ ላይ የቆመ ጦርነትም አይተናል። የውጫሌን አንቀጽ 17 ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የአማርኛው «ይችላል» ዓይነት፣ የጣሊያንኛው ግዴታ። ብዙ ሰው የማያነሳው ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው። በየካቲት 1891 (እ.ኤ.አ.) ኮንት አንቶኔሊ አዲስ አበባ ላይ ከዐፄ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ተከራክሮ፣ ተከራክሮ፣ መጨረሻ ላይ አንቀጹ እንዳለ እንዲቀር የተስማማ መስሎት አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ፈረመ። በኋላ ሲመረመር አማርኛው አንቀጹ መሰረዙን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ሰውየው በንዴት ወረቀቱን ቀዶ አገሩን ጥሎ ወጣ። ጸንቷል እና ተሰርዟል፤ የአንዱ ቃል አዎንታ የሌላው አሉታ ነው። አንቶኔሊ ለዓመታት ሸዋ የኖረ ሰው ነበር፤ አማርኛ አያውቅም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ የሰማው ሊሰማ የፈለገውን ነው። ልክ እንደ ጋፋቱ፤ ብቻ አሁን ያልሰማው ፈረንጁ ሆነ።

አሁን ወደ ወሬ እንምጣ፤ አሉታ ሰውን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ዐፄ ምኒልክ ለዓመታት ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። ከዚያ በፊት ገና በሕይወት ሳሉ፣ ከዚያም በኋላ ካረፉ ወዲያ፣ አገር በ«ሞተዋል» እና «አልሞቱም» መካከል ኖረ። «ንጉሡ አልሞቱም» የምትል ቃል ስትወራ ሰሚው የሚያነሳው የመጀመሪያ ሥዕል አስከሬን ነው። ማንም ሳይጠረጥር «አልሞቱም» ተብሎ ከተነገረው ደግሞ ያ ሰው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መጠርጠር ይጀምራል፤ የዌሰንን ክቦች አስታውሱ፤ «ማን ሞቱ አለ?» ነው የሚለው። የጥንት ሰዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ክፉ በሽታን «የለብንም» ብለው እንኳ ስሙን አይጠሩም፤ «ስም አይጠሬ» ብለው ያልፉታል። ዛሬ ግን በየገጹ «እገሌ ታሰረ የሚባለው ሐሰት ነው» የሚል ማስተባበያ እናነባለን። ወሬውን ያልሰማው ሰው ከማስተባበያው ይሰማዋል፤ ከሳምንት በኋላ «እገሌ ታስሮ ነበር አይደል?» ይላችኋል። «ክትባቱ አያመክንም» የሚለውንም እንዲሁ ቁጠሩት። ወሬው በደረሰበት ቀበሌ ይጠቅማል፤ ባልደረሰበት ቀበሌ ዘር መዝራት ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ይህን ሁላችንም በአካላችን አየነው። ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ፣ ነፋስ መውጫ ተይዛ፣ ከጉና በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ደብረ ታቦር ላይም መድፍ ወድቆ ሰው ሞተ። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከውጭ አገር ስልክ ይጎርፋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከተማዋ ተያዘች ወይ? መልሳችን «አልተያዘችም» ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል። ከ«አልተያዘችም» ላይ ፊቷ ቢቆረጥ፣ ኋላዋም ቢደበዝዝ ምን ይቀራል? «ተያዘች» ይቀራል። ሁለቱም ገመድ የተበጠሰበት ሰው ማዶ ለማዶ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ልብ በሉ፤ ሰሚው አስቀድሞ ፈርቷል፣ የሚጠብቀው መርዶ ነው፣ ጆሮው ለዚያ ተከፍቷል።

ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ከሆነ በኋላ ሰው ራሱ ዘዴ አገኘ፤ ማንም አላስተማረው። ስልክ ሲያነሳ «አልተያዘችም» ማለቱን ተወ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ሲመልሱ በአጥር በኩል እሰማቸው ነበር፦ «ቤቴ ነኝ ልጄ። ቤቴ ነኝ። ቡና እያፈላሁ ነው።»